የፓርክ ወረፋ ቀድሞ ማስያዝ፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ቤተሰብ የትኛው ያዋጣል?

መሃል አዲስ አበባ ያሉ የልጆች መጫወቻዎች አብዛኞቹ የሚያስከፍሉት በየጨዋታው ነው። ባቡሩ ይህን ያህል፣ መኪናው ይህን ያህል፤ ይከፈላል፣ ልጁ ይወጣል፣ ሲያልቅ ይወርዳል። ኦርላንዶ ወይም ዱባይ ያሉት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሠራራቸው የተገላቢጦሽ ነው። በሩ ላይ አንዴ ይከፈልና ውስጥ ላለው ጨዋታ ሁሉ ሌላ ክፍያ የለም። ታዲያ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? እዚያ የሚጎድለው ጨዋታው ሳይሆን ጊዜው ስለሆነ ነው። ለሦስት ደቂቃ ጨዋታ አንድ ሰዓት ተኩል መቆም ሲመጣ ፓርኩ ሁለተኛ፣ አጭር በር ይከፍትና የዚያን በር ወረፋ ይሸጣል።

ያ ወረፋ በብዙ ዓይነት ይሸጣል። ስሞቹ ይመሳሰላሉ፣ ደንቦቹ ይለያያሉ፣ ዋጋው በየቀኑ ይቀያየራል። ከዚህ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ቪዛው፣ ምንዛሪውና የሰዓት ልዩነቱ ይጨመርበታል። ይህ መመሪያ በዋናነት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ የሚገኘውን ዋልት ዲዝኒ ወርልድን ይመለከታል፤ ቀድሞ የማስያዝ ነገር በጣም የተወሳሰበው እዚያ ነውና። ሌሎቹ በየቦታቸው ይነሳሉ።

አጭሩ በር ከየት መጣ?

ዲዝኒ ፋስትፓስ የሚባለውን የወረቀት ወረፋ በ1999 (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ሲጀምር ክፍያ አልነበረውም። ማሽኑ ጋ ሄዶ ወረቀት መውሰድና በተጻፈው ሰዓት መመለስ ብቻ ነበር። ከ2013 እና 2014 ወዲህ ነገሩ ወደ ስልክ ዞረ፤ በፓርኩ ሆቴል የሚያድር ከ60 ቀን፣ ሌላው ከ30 ቀን አስቀድሞ ሦስት ጨዋታ ያስይዝ ጀመር። «ማስያዝ ሽርሽሩን አበላሸው» የሚለው ቅሬታ የበረታው ያኔ ነው። ሰው ከሁለት ወር በኋላ በሚመጣ ማክሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የት እንደሚቆም ዛሬ መወሰን ነበረበት። በ2020 ቀረ። በኦክቶበር 2021 በክፍያ ተመለሰ፤ የሚያዘው ግን በዕለቱ ብቻ ነበር። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሁለቱ ተቀላቀሉ፤ ይከፈላል፣ ቀድሞም ይያዛል።

አጭሩ በር ረጅሙን ሰልፍ ለምን እንደሚያስረዝም በቁጥር ማየት ይሻላል። አንድ ጨዋታ በሰዓት 1,600 ሰው ያሳፍራል እንበል። ከዚያ 1,200ው መቀመጫ ላስያዙት ከተሰጠ ለመደበኛው ሰልፍ የሚቀረው 400 ነው። ስለዚህ ከፊታችሁ 400 ሰው ብቻ ቢታያችሁም የምትቆሙት አንድ ሰዓት ሙሉ ነው። አጭሩ በር ባይኖር ያው ሰልፍ በሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ ሥራው ግን ሁለቱ ሰልፎች የሚገናኙበት ቦታ የቆመው ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ነው። ከአጭሩ በር ብዙ፣ ከረጅሙ ጥቂት ያስገባል።

ማስያዝ አዲስ ጊዜ አይፈጥርም ማለት ነው፤ ካላስያዘው ወስዶ ላስያዘው ይሰጣል። ሰው በሚበዛበት ቀን ያላስያዘ ይጎዳል። ሰው በሌለበት ቀን ደግሞ ሁለቱም በር እኩል ስለሚሄድ ያስያዘው ገንዘቡን በትኗል።

መመዘኛዎቹ

ከአማራጮቹ በፊት አምስት ጥያቄ አለ። መልሱ ያለው እናንተው ቤት ነው።

በአንድ ፓርክ ስንት ቀን አላችሁ? አንድ ቀን ላለውና ሁለት ቀን ላለው ቤተሰብ አንድ ምክር አይሠራም።

የትንሹ ልጅ ቁመት ስንት ነው? ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ዋና ዋናዎቹ ጨዋታዎች ዝቅተኛ ቁመት አላቸው፦ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን 97 ሴንቲሜትር፣ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ 102፣ ኮስሚክ ሪዋይንድ 107፣ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ 112፣ ትሮን 122። ልጁን የሚሄድበትን ጫማ አድርጎ ግድግዳ ላይ ለኩት። ሁለት ሴንቲሜትር የጎደለውን ሠራተኛው አያሳልፈውም፤ ልመናም አይሠራም። ቁመቱ ላልደረሰ ልጅ ወረፋ መግዛት ንጹሕ ኪሳራ ነው። ወላጆቹ ግን አይቀርባቸውም። ራይደር ስዊች የሚባል ነፃ አሠራር አለ፤ አንዱ ከትንሹ ልጅ ጋር ውጭ ይጠብቃል፣ ሌላው ተሳፍሮ ሲመለስ የጠበቀው እንደገና ሳይሰለፍ በአጭሩ በር ይገባል። ከመሰለፋችሁ በፊት በሩ ላይ ላለው ሠራተኛ መንገር ይበቃል።

የሚከፍለው ስንት ሰው ነው? ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ የፓርክ ትኬትም ወረፋም አይገዛም። ከ3 ዓመት ጀምሮ ግን ሁሉም ይቆጠራል። የወረፋ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ስለሆነ «30 ዶላር ምን አላት» የሚባለው ነገር በአራት ሰውና በሦስት ቀን ሲባዛ 360 ይሆናል።

የምትሄዱበት ቀን የትኛው ነው? ይህ ለብቻው ይታያል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስልኩን የሚይዘው ማነው የሚለው ነው። በቀጠሮ በሚሠራው አማራጭ ከቤተሰቡ አንድ ሰው የጉዞው ጸሐፊ ይሆናል፤ ሌሎቹ ሲበሉ፣ ሲስቁ፣ ፎቶ ሲነሱ እሱ ቀጣዩን ሰዓት ይፈልጋል። ያ ሰው ይህን የማይወድ ከሆነ፣ የሌሎቹ ቀን ሲያምር የእሱ ይበላሻል።

ቀኑ ራሱ ግማሽ መልስ ነው

የአዲስ አበባ ልጆች ሰፊ እረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው። በሐምሌ አሜሪካም ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ኦርላንዶ ይጨናነቃል፣ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ ያዘወትረዋል። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት ግን በኦገስት ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ ሲገባ ማለት ነው። ስለዚህ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሳምንታት ከሐምሌ በእጅጉ ይቀላሉ። በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ያለውን የሠራተኞች ቀን በዓላቸውን ብቻ ሽሹ። በዚህ ወቅት ለሚሄድ ብዙው የወረፋ ክርክር ራሱን በራሱ ይፈታል። የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ ይህ ምርጫ ሁለት ጥቅም አለው፤ በፓርክ ምግብ ቤት የጾም መፈለግ ራሱ ሌላ ወረፋ ነው።

ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው የእነሱ ገናና አዲስ ዓመት የሚውሉበት ሳምንት ነው፤ በእኛ ከታኅሣሥ 16 እስከ 23 ገደማ። የእኛ ገና ሲደርስ ያ አልፏል፤ በጃንዋሪ መጀመሪያ የሚካሄደው የዲዝኒ ማራቶን ሰሞን ካልገጠመ በቀር ይቀላል። ጥምቀት ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ከሚከበረው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን አጠገብ ስለሆነ ያ ቅዳሜና እሑድ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ባለው የሴሚስተር እረፍት መሄድ ይሻላል።

አማራጭ አንድ፦ ምንም ሳያስይዙ በጠዋት መድረስ

ዋጋው እንቅልፍ ነው። በሩ ከመከፈቱ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ተኩል ሁለት ሦስት ትልልቅ ጨዋታ መጨረስ፣ ሰው ሲበዛ ወደ ትርዒቶችና ወደ ምግብ መዞር፣ ማታ መመለስ። ፓርኩ በሚዘጋበት ደቂቃ ሰልፍ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ይሳፈራል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ጨዋታ ለመጨረሻው ሩብ ሰዓት ማቆየት የቆየ ብልሃት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ ሌላው የሌለው ጥቅም አለው። ፍሎሪዳ በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ልጆች በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነቅተው ይቀመጣሉ። አሜሪካዊው ልጁን እየጎተተ ሲያስነሳ የእናንተ ለብሶ በር ላይ ይጠብቃል። የዚያው ነገር ሌላው ፊት ደግሞ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይጥላቸዋል። በቀጥታ ወደ ኦርላንዶ የሚሄድ ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማታ ወረፋ ቢያስይዝ ገንዘቡ ተኝቶ ያልፋል። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ጋ ሳምንት ከቆያችሁ ይህ ሁሉ ቀርቷል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም።

እንቅፋቶቹ ሁለት ናቸው። በዲዝኒ ሆቴሎች ያደሩ እንግዶች በየቀኑ 30 ደቂቃ ቀድመው ይገባሉ። ስለዚህ ከውጭ ሆቴል ወይም ከዘመድ ቤት የመጣ ሰው በሩ ሲከፈትለት በዝነኛው ጨዋታ ፊት ሰልፍ ተሠርቶ ያገኛል። ከእነሱ ጋር ከመሽቀዳደም ሁለተኛ ደረጃ ወዳለው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ወዳለው ጨዋታ መሄድ ያዋጣል። ሌላው ከዋልት ዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም ነው። መኪና የሚቆመው ከፓርኩ ርቆ ነው፤ ከዚያ በሞኖሬል ወይም በጀልባ ይሻገራሉ። ከመኪና ማቆሚያ እስከ በሩ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያዙ። «በሰዓቱ ደርሰን ነበር» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የደረሱት መኪና ማቆሚያው ጋ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ መልቲ ፓስ፣ በቀጠሮ የሚሠራው

ሙሉ ስሙ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ነው፤ ላይትኒንግ ሌን ዲዝኒ አጭሩን በር የሚጠራበት ስም ነው። ዋጋው እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ በሰው ከ15 እስከ 40 ዶላር ገደማ ይወጣል ይወርዳል። ማጂክ ኪንግደም አብዛኛውን ጊዜ ውዱ ነው። ተገዝቶ ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ይመረጣል፤ ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት መግቢያ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ለመጠቀም በሩ ላይ ትኬታችሁን ስታስነኩ አራተኛውን መምረጥ ይፈቀዳል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንድ ጨዋታ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይያዝም። በማጂክ ኪንግደም፣ በኤፕኮትና በሆሊውድ ስቱዲዮስ ጨዋታዎቹ በሁለት ምድብ ስለተከፈሉ ከተፈላጊዎቹ አንድ፣ ከቀሩት ሁለት ነው የሚመረጠው። አኒማል ኪንግደም ምድብ የለውም።

በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ሆቴል ከሚገባበት ቀን 7 ቀን ቀድሞ የቆይታውን ቀናት በሙሉ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ቀን 3 ቀን ቀድሞ ያስይዛል። ማስያዣው የሚከፈተው በፍሎሪዳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚጠብቅ ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ድረስ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በቀሪዎቹ ወራት ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። የሥራ ሰዓት መሆኑ ነው፤ ስብሰባ አትያዙበት። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም ስለሚጠፋ የሞባይል ዳታ ሞልታችሁ ጠብቁ።

አያያዙ ላይ ሦስት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ሦስቱንም ምርጫ ወደ ጠዋት ሰብስቡ። ሰው ሁሉ ቀኑን ለማመጣጠን ብሎ አንዱን ረፋድ፣ አንዱን ከምሳ በኋላ፣ አንዱን ማታ ያደርጋል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሰዓት 8 ከሆነ ግን አራተኛው እስከዚያ ድረስ ተቆልፎ ይቆያል፤ ገንዘቡ የተከፈለው ለሦስት ጨዋታ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስታስነኩ እዚያው፣ ሰልፉ ውስጥ ሳላችሁ ቀጣዩን ያዙ፤ ከጨዋታው በኋላ ብላችሁ ስታቆዩት ጥሩዎቹ ሰዓቶች ያልቃሉ። ሦስተኛ፣ የፈለጋችሁት ሰዓት ከሌለ የተገኘውን ይዛችሁ ቆይታችሁ «ቀይር» የሚለውን ሞክሩ። ሌሎች ሲሰርዙና ሲቀይሩ ሰዓት ይለቀቃል።

ዝናቡም ይታሰብበት። መብረቅ ሲቃረብ ከቤት ውጭ ያሉት ጨዋታዎች ይቆማሉ። ሆሊውድ ስቱዲዮስ ያለው ስሊንኪ ዶግ ዳሽ ከተፈላጊዎቹ አንዱ ነው፤ ሜዳ ላይም ነው። በሐምሌ ለሚሄድ እሱን ረፋድ ላይ፣ ቤት ውስጥ ያሉትን ከሰዓት በኋላ ማድረግ ነው። በቀጠሯችሁ ሰዓት ጨዋታው ቢዘጋ ወረፋው አይጠፋም፤ በዚያው ቀን በሌላ ሰዓት ወይም በሌሎች ተመሳሳይ ጨዋታዎች ወደሚሠራ ይለወጣል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ዝናብ እየመታቸው በሩ ላይ ይጠብቃሉ።

መልቲ ፓስ የሚያበላሸው የትኛውን ቀን ነው? ትንንሽ ልጆች ያሉበትን፣ ሽማግሌ ያለበትን፣ ምሳ በእርጋታ የሚበላውን ቤተሰብ ቀን። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሩብ ሰዓት መሄድ ሊኖር ይችላል። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ሽንት ቤት የሚጠይቀው ቀጠሮው ሊያልፍ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። አኒማል ኪንግደም ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ጨዋታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪስም እንስሳቱ ንቁ በሚሆኑበት በጠዋት ቢሄዱበት ይሻላል። አዋሽ ፓርክ ሳላ ያየ ልጅ ለዚህ ወረፋ አይገዛለትም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም።

የሰዓቱ ወጥመድ

ይህ ከእኛ ሰው በቀር ማንም የማይገባበት ጉድጓድ ስለሆነ ለብቻው ይጻፍ። ወረፋው የሚያዝበት የዲዝኒ የስልክ አፕ «10:40 ጠዋት» ብሎ ሲጽፍ በእኛ ረፋድ 4:40 ነው። ስልኩን ያየው ሰው «አሥር ሰዓት ከአርባ» ብሎ ለቤተሰቡ ሲያወራ እናት ከሰዓት በኋላ ይመስላታል፣ ቀጠሮው ያልፋል። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ስለሚጽፉ 08/09 ማለት ኦገስት 9 እንጂ ሴፕቴምበር 8 አይደለም። የቀን ትኬት በስህተት ቀን ገዝቶ ሦስት ቀን ቀድሞ ለማስያዝ ሲገባ ብቻ ማወቅ ራስ ያሳምማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጽፋችሁ ለአዋቂዎቹ ሁሉ ስጡ።

አማራጭ ሦስት፦ ሲንግል ፓስ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ

በጣም የሚፈለጉት ጥቂት ጨዋታዎች ከመልቲ ፓስ ውጭ ለብቻቸው ይሸጣሉ፦ ለምሳሌ ትሮን በማጂክ ኪንግደም፣ ኮስሚክ ሪዋይንድ በኤፕኮት፣ ራይዝ ኦፍ ዘ ሬዚስታንስ በሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ በአኒማል ኪንግደም። ዋጋው በሰው ከ10 እስከ 25 ዶላር ገደማ ነው። በቀን እስከ ሁለት ይገዛል፤ መልቲ ፓስ መግዛትም አያስገድድም።

በእኛ ግምት ለአብዛኛው ከዚህ የሚሄድ ቤተሰብ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ቀኑ በአንድ ቀጠሮ ብቻ ይታሰራል፤ የቀረው ነፃ ነው። ልጁ ለወራት ያወራለትን አንድ ጨዋታ ማጣት አይኖርም። ከአራቱ ሰው ቁመቱ የማይደርስ ካለም ለሦስቱ ብቻ ይገዛል፤ መልቲ ፓስ ላይ እንዲህ መቆራረጥ ይከብዳል። ጨዋታው ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ሳይከፈት ከቀረ የእንግዳ አገልግሎት ጠረጴዛ ሄዳችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ።

አማራጭ አራት፦ ሰዓት የሌላቸው ፓሶች

ዲዝኒ በኦክቶበር 2024 ያመጣው ፕሪሚየር ፓስ በፓርኩ ያሉትን አጫጭር በሮች በሙሉ፣ እያንዳንዱን አንዴ፣ በፈለጉት ሰዓት ያስገባል። ዋጋው ከ130 ዶላር ገደማ ተነስቶ በማጂክ ኪንግደም በበዓል ሰሞን ከ400 ያልፋል፤ በሰው፣ በቀን፣ ከመግቢያ ትኬቱ በላይ። ለአራት ሰው 1,600 ዶላር ማለት ነው። ምቾቱ የማይካድ ነው፤ ግን በዚያ ገንዘብ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን መጨመር ይቻላል። ተጨማሪ ቀን ደግሞ ከማንኛውም ፓስ የበለጠ ሰልፍ ያቀላል።

በዚያው ከተማ ያለው የሌላ ኩባንያ የፓርኮች ስብስብ፣ ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ፣ የተለየ ነው። እዚያ ኤክስፕረስ የሚባለው የአጭሩ በር ፓስ ቀጠሮ የለውም፤ ጨዋታው ጋ በፈለጋችሁት ሰዓት ትደርሳላችሁ፣ ትገባላችሁ። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ ሆቴሎች ለሚያድር እንግዳ ኤክስፕረሱ ከክፍሉ ጋር ይሰጣል፣ በሚገባበትም በሚወጣበትም ቀን። ስለዚህ አንድ ሌሊት ሁለት ቀን ይሸፍናል። ለምሳሌ ክፍሉ 450 ዶላር ቢሆን፣ ፓሱ ደግሞ በሰው በቀን 150 ቢሸጥ፣ አራት ሰው ለሁለት ቀን 1,200 ይከፍል የነበረውን በሆቴሉ ዋጋ አገኘው ማለት ነው። ለአራት ሰው ያዋጣል፤ ለብቻው ለሚሄድ ላያዋጣ ይችላል። ጥቅሙ የሚሠራው በሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ሲሆን በ2025 የተከፈተውን ኤፒክ ዩኒቨርስን አያካትትም።

ዱባይ፣ አቡዳቢና ፓሪስ

ከቦሌ አራት ሰዓት ገደማ በረራ ላይ ያሉት የባሕረ ሰላጤ ፓርኮች ላይ ነገሩ ይቀላል። ዱባይ ያለው አይ ኤም ጂ ወርልድስ ቤት ውስጥ ነው፤ አቡዳቢ ያለው ፌራሪ ወርልድም አብዛኛው ጣሪያ ሥር ነው፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበረው ፎርሙላ ሮሳ ግን ወደ ውጭ ይወጣል። ፈጣን መግቢያ ይሸጣሉ፤ ቀድማችሁ ግን አትግዙ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለ ተራ ቀን ገብታችሁ የመጠበቂያ ሰዓቱን ሰሌዳ እዩ፤ ዋናዎቹ ከ20 እና 30 ደቂቃ በታች ካሉ ገንዘቡ ኪሳችሁ ይቅር። ዒድ ሲሆንና ቅዳሜና እሑድ ሂሳቡ ይለወጣል።

ዲዝኒላንድ ፓሪስ ፕሪሚየር አክሰስ የሚባል አለው፤ ለአንድ ጨዋታ በዕለቱ በአፑ ይገዛል፣ ሁሉን የያዘውም አለ። ከመሄዳችሁ በፊት የሚያስጨንቅ ቀጠሮ ስለሌለ የኦርላንዶው ዓይነት የቅድሚያ ውጣ ውረድ የለውም።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| አማራጭ | ተጨማሪ ዋጋ በሰው | ቀጠሮ | የሚበጀው | የሚጎዳው |
|---|---|---|---|---|
| ሳያስይዙ በጠዋት | የለም | የለውም | ከበዓል ውጭ የሚሄድ፣ ሁለት ቀን ያለው፣ ገና የደረሰ | ዘግይቶ የሚነሳ፣ በሐምሌ አንድ ቀን ብቻ ያለው |
| መልቲ ፓስ | ከ15 እስከ 40 ዶላር ገደማ | ቀኑን ሙሉ | አንድ ቀን ማጂክ ኪንግደም፣ ልጆቹ ከ7 ዓመት በላይ | ሕፃን ወይም ሽማግሌ የያዘ |
| ሲንግል ፓስ | ለአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 25 ገደማ | አንድ ወይም ሁለት | አንድ ሕልም ያለው ልጅ | ቁመቱ ያልደረሰ |
| ፕሪሚየር ፓስ | ከ130 እስከ ከ400 በላይ | የለውም | አንድ ቀን ብቻ፣ ገንዘብ የማያሳስበው | ብዙ ሰው ያለበት ቤተሰብ |
| የዩኒቨርሳል ኤክስፕረስ በሆቴል | በክፍሉ ዋጋ ውስጥ | የለውም | አራት አምስት ሰው በአንድ ክፍል | ብቻውን የሚጓዝ |
| የባሕረ ሰላጤ ፈጣን መግቢያ | እንደ ፓርኩና ቀኑ | የለውም | ዒድ፣ ቅዳሜና እሑድ | በሳምንቱ መሃል የሚሄድ |

ለማን የትኛው

በጀቱ ጠባብ ለሆነ፣ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ወይም ከጥምቀት ሰሞን በኋላ መሄድ ለሚችል ቤተሰብ፦ ምንም አትግዙ። በየፓርኩ በጠዋት ድረሱ፣ ትልቁን ጨዋታ ለመጀመሪያ ወይም ለመዝጊያ አድርጉ። አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ካሉ ነጠላ ተሳፋሪ የሚባለውን መስመር ይሞክሩ። ኤክስፔዲሽን ኤቨረስትና ሚሌኒየም ፋልከን ላይ አለ፤ ለየብቻ ይቀመጣሉ እንጂ ሰልፉ በእጅጉ ያጥራል።

ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ላለው፣ ሁለት ወላጅና የ9፣ የ6፣ የ2 ዓመት ልጆች ላሉት ቤተሰብ፦ ለማጂክ ኪንግደም ቀን ብቻ መልቲ ፓስ፣ ለሌሎቹ ሁለት ቀናት አንዳንድ ሲንግል ፓስ። የሚከፍለው አራት ሰው ነው። መልቲ ፓሱ በ30 ዶላር 120፣ ሲንግሎቹ በ20 ዶላር 160፣ ድምር 280። ሦስቱንም ቀን መልቲ ፓስ ቢገዙ 360 ነበር፤ ያም ሆኖ የሚያልሟቸው ጨዋታዎች አይካተቱም ነበር። የሁለት ዓመቱን ልጅ በራይደር ስዊች እየተቀያየራችሁ ያዙ።

አያት ይዞ የሚሄድ፦ ረጅም መቆም ስለማይሆን ሲንግል ፓስ አንድ፣ የቀረው ጊዜ ለጀልባው፣ ለትርዒቱና ለጥላው። ተሽከርካሪ ወንበር በሩ ላይ ይከራያል፤ በጠዋት ስለሚያልቅ ገና ስትገቡ ያዙ።

ከዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ጋ ሆኖ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሄድ፦ በመኪና 1,370 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ተነድቶ መጥቶ ከሰልፍ ጋር መዋል አያዋጣም። ለዚህ ሰው መልቲ ፓስም ሲንግል ፓስም አብረው ይገዙ። ሌሊቱን ነድቶ በማለዳ የመጀመሪያ ቀጠሮ መያዝ ግን ጥሩ አይደለም፤ ዋዜማውን ኦርላንዶ እደሩ።

የግዢው ቅደም ተከተል

ከቪዛ በፊት ቀን ያለበት ትኬት አትግዙ። የወረፋ ክፍያ በአብዛኛው አይመለስም፤ የፓርክ ትኬት ሳይኖር ደግሞ ወረፋ አይያዝም። ትኬቱ ከተገዛ በኋላ የሁሉንም ሰው ትኬት በአንድ መለያ ሥር አገናኙ፤ በአንድ ስልክ ለሁሉም የሚያዘው ያኔ ብቻ ነው። አፑን ቢያንስ ወር ቀድማችሁ አውርዱ፤ ካርዱንም አስገብታችሁ ተቀባይነቱን ፈትሹ። ከባንካችሁ የውጭ ምንዛሪ የጉዞ ካርድ ካወጣችሁ በኦንላይን ለመክፈል የተከፈተ መሆኑን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ለብቻው ካልተጠየቀ አይከፈትም። በዘመድ ካርድ የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር የሚልከው ለዘመዱ ስልክ ነው። ወረፋው ሲከፈት ዘመዳችሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነቅቶ መጠበቅ አለበት፤ ማታውን ደውሉለት። ካርዱ ላይ የሚቀመጠውም ዶላር ከተጻፈው ዋጋ ከፍ ይበል፤ በኦርላንዶ ሲከፈል 6.5 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጨመርበታል።